ጄሮንቶሎጂ ተምሮ ደሴ ላይ ሥራ መጀመር፦ ከቅሬው እስከ ቢሮው

ሰፈራችን፣ ከጦሳ ሥር፣ አንድ አባት አሉ። ሰማንያን አልፈዋል። ሲጠሯቸው አይመልሱም፤ ሲጠይቋቸው ሌላ ያወራሉ። ቤተሰቡ «ጃጅተዋል» ብሎ ደምድሞ ነበር። ልጃቸው ከዐረብ ሀገር በየወሩ ብር ትልካለች። ስልክ ላይ ሲያቀርቧቸው ግን ዝም ስለሚሏት አልቅሳ ትዘጋለች።

አንድ ቀን ቡና ላይ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ከኋላቸው ሆኜ በግራ ጆሯቸው በኩል ዝቅ ባለ ድምፅ ስማቸውን ጠራሁ። ዝም። በቀኝ በኩል ደገምኩት። ዝም። በስልኬ መብራት ጆሯቸውን አየሁ። ኩኩ ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል። ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ለጥቂት ቀናት የሚያለሰልስ ጠብታ ተደረገላቸው፣ ከዚያ ታጠበ። ልጅቱ በሚቀጥለው ስትደውል «አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽ ቀጥኗል፤ አትበይም እንዴ?» አሏት።

እኔ ነርስ ነኝ። የእኚህን አባት ግፊት ስንት ጊዜ ለክቻለሁ። ጆሯቸውን ማየት ትዝ ያለኝ ግን ስለ እርጅና መማር ከጀመርኩ በኋላ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዚህ ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጣችሁ «በአረጋውያን እንክብካቤ ሙያ ልሰማራ፣ በጄሮንቶሎጂ፣ ማለትም በእርጅና ጥናት፣ ማስተርስ ልማር» የምትሉ ካላችሁ ከየት ተነስታችሁ ወዴት እንደምትሄዱ ደረጃ በደረጃ ላሳያችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። «ጄሮንቶሎጂስት እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ፒያሳ ላይ ተለጥፎ አላየሁም። ሥራው ግን በየቤቱ አለ። አማርኛችን እንኳ ስም አውጥቶለታል፦ መጦር። ጧሪ የሚለውም፣ ጡረታ የሚለውም ከዚሁ ቃል ነው። ትልልቆቹ ሲመርቁን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። ዛሬ ወሎ ውስጥ በብዙ ቤት ጧሪው ሪያድ ወይም ቤሩት ነው ያለው። ብሩ ይመጣል፣ እጁ አይመጣም። ዲግሪያችሁ ሥራ የሚያገኘው ይህን ክፍተት በትክክል አይታችሁ የሚሞላ አገልግሎት ይዛችሁ ስትቀርቡ ነው።

አንደኛ፦ ዲግሪው ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ እወቁ

ጄሮንቶሎጂ የእርጅና ጥናት ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1903 ያስተዋወቀው ኤሊ ሜችኒኮቭ የተባለ ሳይንቲስት ነው። ሰው ሲያረጅ አካሉ፣ አእምሮው፣ ገቢው፣ ቤቱ፣ ከሰው ጋር ያለው ኑሮ ምን ይሆናል የሚለውን አንድ ላይ ያያል። ከስድስት ዓመት በኋላ ኢግናዝ ናሸር የተባለ ሐኪም ጄሪያትሪክስ የሚለውን ቃል አመጣ። ይኼኛው የአረጋውያን ሕክምና ነው፤ የሐኪም ሥራ ነው። ሁለቱ እየተምታቱ ሰው ያለ ጥፋቱ ሲከስር አይቻለሁ።

በማስተርስ ደረጃ ስለ እርጅና ሥነ ሕይወት፣ ስለ ሥነ ልቦናው፣ ስለ ቤተሰብና ማኅበረሰብ፣ ስለ ፖሊሲ፣ ስለ ምርምር ዘዴ ትማራላችሁ። ጥሩ ፕሮግራም ከሆነ የተግባር ልምምድ አለው። የማይሰጣችሁ የሙያ ፈቃድ ነው። በጄሮንቶሎጂ ማስተርስ ብቻ መርፌ መውጋት፣ መድኃኒት ማዘዝ፣ ቁስል ማከም አትችሉም። ያ ፈቃድ የሚመጣው ከመነሻ ሙያችሁ ነው።

ስለዚህ መነሻ ሙያችሁን አትጣሉት። ነርስ ከሆናችሁ ነርስነታችሁ ላይ ይጨመራል። ሶሻል ወርክ ወይም ሳይኮሎጂ የተማራችሁ ከቤተሰብ ጋር መሥራቱን፣ ምክሩን፣ የድጋፍ ሥርዓቱን ትይዛላችሁ። ፊዚዮቴራፒስት ከሆናችሁ ደሴ ዳገት ናት፤ ሥራ አታጡም። ማኔጅመንት ወይም አካውንቲንግ የተማራችሁም አትሸማቀቁ። የአረጋውያን ማዕከል የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በርኅራኄ እጥረት ሳይሆን ሒሳቡን የሚይዝ ሰው በማጣት ነው።

ሁለተኛ፦ ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት ስድስት ወር ከአረጋውያን ጋር አሳልፉ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ትምህርት ቤቶቹም ስኮላርሺፕ ሰጪዎቹም የሚጠይቋችሁ «ለምን ይህን መረጥክ?» ብለው ነው። መልሱ ከመጽሐፍ አይወጣም።

የምትጀምሩት ከሰፈራችሁ ቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር ከሚለው፣ ነው። ቅሬ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ማን ልጁ ውጭ እንደሆነ፣ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ ያውቃል። የቀበሌ መዝገብ የማያውቀውን ቅሬው ያውቃል። የወሎ ቅሬ ደግሞ በብዙ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ያለበት ስለሆነ በአንድ በር ብዙ ቤት ያስገባችኋል። የቅሬውን ዳኛ፣ ማለትም መሪውን፣ አግኙ። «ጥናት ላደርግ ነው» አትበሉ፤ ሰው መጠይቅ ሰልችቶታል። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት አቅመ ደካሞችን እየዞርኩ ልጠይቅ፣ የምችለውን ላግዝ» በሉ። ይመርቋችኋል፣ ሰውም ያስከትሏችኋል።

ቤት ስትገቡ ምን ታያላችሁ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለአረጋውያን የተቀናጀ እንክብካቤ ያወጣው መምሪያ ስድስት ነገር እዩ ይላል፦ ማስታወስ፣ መንቀሳቀስ፣ አመጋገብ፣ ማየት፣ መስማት፣ ስሜት። ይህንን በኛ ቤት ልክ እንዴት እንደምሠራው ልንገራችሁ።

ማስታወስ። ሦስት ቃል እንዲይዙ ትነግሯቸዋላችሁ። እኔ «አበባ፣ በር፣ ጤፍ» እላለሁ። ከዚያ ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ፣ ያሉት የት እንደሆነ ትጠይቃላችሁ። መጨረሻ ላይ ሦስቱን ቃላት መልሱልኝ ትላላችሁ። ቀኑን ስትጠይቁ ግን ጠንቀቅ በሉ። አንዲት እናት «አሥራ ስንት እንደሆነ እንጃ፤ ትናንት ሚካኤል ነበር» አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ ቀኑ 13 ነበር። ሌላው በሂጅራ ቆጥሮ ይነግራችኋል። የናንተን ካሌንደር አላወቁም ብላችሁ «ይረሳሉ» ብላችሁ እንዳትጽፉ።

መንቀሳቀስ። ወንበር ላይ ያስቀምጧቸዋል፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ሳይደገፉ አምስት ጊዜ ብድግ ቁጭ ይላሉ። 14 ሴኮንድ ውስጥ ካልጨረሱ ጠለቅ ያለ ምርመራ ይፈልጋሉ ማለት ነው። በርጩማ ወይም መደብ ላይ አትሞክሩት። ዝቅ ያለ ነው፤ ወጣትም ያስቸግራል። ደረቅ ወንበር ከጎረቤት ተዋሱ፣ ግድግዳ አስደግፉት፣ እናንተም አጠገባቸው ቁሙ። ከወንበሩ በፊት እኔ የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለኝ። «ሶላት ቆመው ነው የሚሰግዱት ወይስ ተቀምጠው? ከመቼ ጀምሮ?» ክርስቲያን ከሆኑ «ቅዳሴ ላይ እስከ መጨረሻው ይቆማሉ?» ሰው ጉልበቱ እንደደከመ አይናገርም፣ ያፍራል። ሱጁድ ወርዶ መነሳት ያቃተው መቼ እንደሆነ ግን ወሩን ሳይቀር ይነግራችኋል።

አመጋገብ። ባለፉት ሦስት ወራት ከ3 ኪሎ በላይ ቀንሰዋል ወይ? የምግብ ፍላጎታቸው ጠፍቷል ወይ? ሚዛን የለም። ስለዚህ ቀበቶውን እዩ። አዲስ ቀዳዳ በሚስማር ተበስቶበት ከሆነ መልሱ እሱ ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰው በጾም ወይም በረመዳን እንዴት እንደሚያደርጉ ጠይቁ። አትከልክሏቸው፤ ሐኪማቸውን አስቀድመው እንዲያማክሩ አድርጉ።

ማየት። ሩቅ ያያሉ? ቅርብ ያያሉ? የዓይን ሞራ ብዙ ሰው እዚህ አገር «እርጅና ነው» ብሎ የሚተወው ነገር ነው። በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው፤ ከደሴ ቅርብ ነው። አንድ ሰው እጁን ይዛችሁ ቦሩ ሜዳ ካደረሳችሁ ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ውስጥ ራሳችሁን ማስተዋወቅ አያስፈልጋችሁም።

መስማቱን ከላይ አይታችኋል።

ስሜት ከባዱ ነው። መምሪያው ባለፉት ሁለት ሳምንታት የመከፋት፣ ተስፋ የመቁረጥ ወይም ለነገሮች ፍላጎት የማጣት ስሜት ነበረብዎ ወይ ብላችሁ ጠይቁ ይላል። አንድ ሽማግሌ «ተስፋ ቆርጠዋል?» ተብለው «አልሐምዱሊላህ» ወይም «ተመስገን» ከማለት ሌላ አይመልሱም። እኔ «ጠዋት ቡና ላይ ይቀመጣሉ? ሰው ሲመጣ ደስ ይልዎታል?» እላለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከገባ ወዲህ ቡና ላይ መቀመጥ የተዉ፣ ድምፅ ሲሰሙ የሚበረግጉ አረጋውያን አጋጥመውኛል። እነሱን ቶሎ ወደ አእምሮ ሐኪም ማገናኘት ያስፈልጋል፤ በምክር ብቻ አትያዟቸው።

ለያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ደብተር ያዙ። ስም አትጻፉ፣ ቁጥር ስጡ። ሴት አረጋዊት ከሆኑ ሴት አብራችሁ ትግባ። ፎቶ አታንሱ። ስታዩ ችግር አገኛችሁ ማለት ሕመሙን አወቃችሁ ማለት አይደለም፤ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነው ሥራችሁ። በስድስት ወር ሠላሳ ቤት ካያችሁ ማመልከቻ ስትጽፉ ብዕራችሁ አይደርቅም።

ሦስተኛ፦ ፕሮግራሙን ምረጡ

ሦስት መንገድ አለ።

አገር ውስጥ መማር የመጀመሪያው ነው። «ጄሮንቶሎጂ» የሚለውን ስም ብቻ ይዛችሁ አትዙሩ። ሶሻል ወርክ፣ የአዋቂዎች ነርሲንግ፣ የሕብረተሰብ ጤና፣ ሳይኮሎጂ ተምራችሁ ምርምራችሁን አረጋውያን ላይ ማድረግ ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ማስተርስ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እዚሁ ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። በዚያ ዓመት የትኞቹ የድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞች እንደተከፈቱ ሬጅስትራር ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ከዚያም በላይ እርጅና ላይ ሊያማክራችሁ የሚፈልግ መምህር መኖሩን አረጋግጡ። አማካሪው ከፕሮግራሙ ስም ይበልጣል። ለመግባት ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ እንዳለባችሁ አትርሱ። የመነሻ ሙያችሁን የሚያሳድግ ዲግሪ ስለምታገኙ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመቀጠር የምታስቡ ከሆነ እኔ ይህን እመርጥላችኋለሁ።

ሁለተኛው ስኮላርሺፕ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቺቭኒንግ ኢትዮጵያውያንን ይቀበላል፤ እንግሊዝ ውስጥ የአንድ ዓመት ማስተርስ ያስተምራል፣ 2,800 ሰዓት ማለትም ሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ተምራችሁ ስትጨርሱ ቢያንስ ሁለት ዓመት አገራችሁ እንድትቆዩ ያስፈርማል። የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ዳአድም (DAAD) ለታዳጊ አገር ባለሙያዎች በሚሰጠው ዕድል የሁለት ዓመት ልምድ ይፈልጋል። አንድ ሌላ ቦታ ደግሞ ልጠቁማችሁ፦ ማልታ። የተባበሩት መንግሥታት ከማልታ መንግሥት ጋር ያቋቋሙት ዓለም አቀፍ የእርጅና ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ለታዳጊ አገር ባለሙያዎች አጫጭር ሥልጠና ይሰጣል። ማስተርስ አይደለም። ግን ሙሉ ትምህርት ከመጀመራችሁ በፊት ነገሩ የናንተ መሆኑን ለመለየት ይረዳል።

ሦስተኛው በርቀት፣ በኦንላይን መማር ነው። የአሜሪካው ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የጄሮንቶሎጂ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 የተቋቋመ ነው፤ ማስተርሱን በኦንላይንም ይሰጣል። ክፍያው በዶላር ነው፣ ለኛ ኪስ ከባድ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። መጀመሪያ ላይ ርካሽ ነው ብዬ ለአንድ የኦንላይን ተቋም ገንዘብ ከፈልኩ። ስም አልጠራም። ስጨርስ የሰጡኝ ወረቀት እዚህ እውቅና አልነበረውም። የስምንት ወር ማታና ያጠራቀምኩት ብር ሄደ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የውጭ ዲግሪን አቻ ግምት እንዴት እንደሚሰጥ፣ የርቀት ትምህርትን እንዴት እንደሚያይ በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱን በወረቀት ያዙ። በቃል «ችግር የለውም» ያላችሁ ሰው ስትመረቁ እዚያ ወንበር ላይ ላይኖር ይችላል።

የትኛውንም ስትመርጡ ፕሮግራሙን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ የተግባር ልምምዱን ደሴ ላይ መሥራት ይቻላል ወይ? አይቻልም ካሉ ደጋግማችሁ አስቡበት።

አራተኛ፦ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ የሥራ ማመልከቻችሁ ይሁን

ቀጣሪ ሊሆን የሚችለው መሥሪያ ቤት የሚፈልገውን ጥያቄ ምረጡ። ጥቂት ላንሳ።

ደሴ ውስጥ አረጋውያን የሚወድቁት የት ነው? ቤት ውስጥ፣ ደረጃ ላይ፣ ወይስ በክረምት ጭቃ ዳገቱ ላይ? ይህን ካርታ ላይ አድርጎ የሚያሳይ ሰው የከተማው ማዘጋጃ ቤትም ሆስፒታሉም ያዳምጠዋል። ሌላው፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሞከር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ እዚሁ አጠገባችን ያለችው ተሁለደሬ ናት። እዚያ አረጋውያን መድኑን በምን ያህል ይጠቀሙበታል? ሐይቅ በመኪና ቅርብ ነው፤ ጥናቱን በትንሽ ወጪ ትሠራላችሁ። ሦስተኛው፣ ደሴ እ.ኤ.አ. በ2016 የከተማ ሴፍቲኔት (ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጥ የድጋፍ ፕሮግራም) ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ነች። መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንም ቀጥታ ድጋፍ አለው። ድጋፉን ያገኘ አረጋዊ ኑሮው ምን ተለወጠ? ልጆቻቸው ውጭ ስለሄዱ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ አያቶችስ?

ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ፈቃድና የትብብር ደብዳቤ ይሰጣችኋል። ደብዳቤውን ይዛችሁ ስትሄዱ ጽሕፈት ቤቱን ለመረጃ ብቻ አትጠቀሙበት። ጥናቱ ሲያልቅ ሁለት ገጽ በአማርኛ አሳጥራችሁ፣ አትማችሁ፣ በእጃችሁ ስጧቸው፤ አብራችሁም ተቀምጣችሁ አስረዱ። ያን ቀን ሥራ አስኪያጁ ስማችሁን ይጽፋል።

አምስተኛ፦ ሥራው ያለበትን በር አንኳኩ

የመጀመሪያው በር ሆስፒታል ነው። የደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን የመሰለ ትልቅ ሆስፒታል አረጋውያን በየዋርዱ አሉት። ብዙዎቹ ከሆስፒታል ሲወጡ ቤት ውስጥ ምን እንደሚደረግላቸው የሚያስረዳቸው አያገኙም። «ለአረጋውያን የመውጫ ዕቅድና የአስታማሚ ሥልጠና» የሚል አንድ ገጽ ሐሳብ ይዛችሁ ግቡ። አዲስ የሥራ መደብ አትጠይቁ፤ «በያዝኩት መደብ ላይ ጨምሬ ልሥራ» በሉ። መደቡ በኋላ ይመጣል።

ሁለተኛው የከተማው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ዘርፍ ነው። የአረጋውያን ጉዳይ በመንግሥት በኩል የሚያዘው እዚያ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንደሚረዳ ይናገራል። ሐሳብ ስትጽፉ ይህን አንቀጽ ጥቀሱ፤ መሥሪያ ቤት ሕግ ሲያይ ያነባል። የተባበሩት መንግሥታትም እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2030 ያለውን የጤናማ እርጅና አሥርት ዓመት ብሏል፤ እርዳታ ሰጪ ድርጅት ዘንድ ስትሄዱ ይህም ይጠቅማል። ዓለም አቀፉ የአረጋውያን ቀን ኦክቶበር 1 ነው፤ በኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21 ይውላል። የግሸን ማርያም ንግሥ ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ ዝግጅት የምታስቡ ከሆነ ቀኑን ቀየር አድርጉት። በዚያ ቀን መኪናውም ሰውም ወደ አምባሰል ነው፤ ከተሳላሚው ውስጥ ደግሞ በምርኩዝ የሚወጡ አረጋውያን ብዙ ናቸው። እዚያው ግሸን መንገድ ላይ ውኃና ማረፊያ ይዞ መቆም ከስብሰባ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው በር ኮምቦልቻ ነው፤ ማንም አያስበውም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። በሃያ ዓመታቸው የተቀጠሩት ሰዎች ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል፣ ተከታዮቻቸውም እየደረሱ ነው። ጡረታ መውጫው 60 ዓመት ነው፤ የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። በግል ድርጅት ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ስንት አለ! ጡረታ ሊወጡ ሁለትና ሦስት ዓመት ለቀራቸው ሠራተኞች የሁለት ቀን ሥልጠና አዘጋጁ፦ ሰነድ ማሟላት፣ ጤና፣ ገንዘብ፣ ከሥራ በኋላ ቀኑን በምን እንደሚሞሉት። ለፋብሪካው ሰው ሀብት ክፍል አቅርቡት። ያንኑ ለቢራ ፋብሪካውም፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ላሉትም ማሳየት ይቻላል፤ የፓርኩ ሠራተኛ ግን ወጣት ስለሆነ ቅድሚያ አትስጡት። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ግማሽ ቀን አስተምሮ መመለስ ይቻላል።

ማስተማርም አለ። የጤናና የሶሻል ወርክ ተማሪዎችን ስለ እርጅና የሚያስተምር መምህር ያስፈልጋል። መቄዶንያን የመሰሉ የአረጋውያን ማዕከላትም ሙያተኛ ይፈልጋሉ፤ ወር ሁለት ወር በበጎ ፈቃድ አገልግሉ፣ ትልቅ ማዕከል እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ታያላችሁ።

ስድስተኛ፦ የራሳችሁን የቤት ለቤት አገልግሎት ክፈቱ

እኔ ልቤ ያለው እዚህ ነው። ውጭ ያለ ልጅ ለእናቱ ብር ሲልክ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ እናቱ በደንብ መያዛቸውንና እውነቱን የሚነግረው ሰው። ዘመድ «ደህና ናቸው» ይለዋል። ላለማስጨነቅ ነው። እናንተ ሁለቱንም መስጠት ትችላላችሁ።

አገልግሎቱን በትንሹ ጀምሩ። የመጀመሪያው ጉብኝት ስድስቱን ነገሮች ማየትና ቤቱን መዞር ነው። ሽንት ቤቱ ከቤት ስንት እርምጃ ነው? ማታ መብራት አለ? ደጃፉ ላይ መያዣ አለ? ከዚያ «መድኃኒት ያለበትን ፌስታል አምጡልኝ» በሉ። ሁሉም ቤት አለ። አንዴ ፌስታሉን ፍራሹ ላይ ዘረገፍኩት። አንዱ አምሎዲፒን የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ነው፣ ከአንድ ክሊኒክ የታዘዘ። ሌላው በሌላ ስም፣ በሌላ ቀለም ካርቶን፣ ከሌላ ክሊኒክ የታዘዘ ነው። ሲነበብ እሱም አምሎዲፒን ነው። እማማ ሁለቱንም በየጠዋቱ ይውጡ ነበር፤ እግራቸው አብጧል፣ ሲነሱ ያዞራቸዋል። እኔ አላስቆምኩም፤ ፌስታሉን እንዳለ ይዤ እሳቸውንም ይዤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እናንተም እንዲህ አድርጉ።

ቀጥሎ አስታማሚ ማሠልጠን ነው። ከዐረብ ሀገር የተመለሱ ሴቶችን ፈልጉ። ብዙዎቹ እዚያ የሰው ሽማግሌ ሲያጥቡ፣ ሲያበሉ፣ ሲያገላብጡ ኖረዋል። ሙያ አላቸው፤ ሙያ ነው ብሎ የነገራቸው የለም። ከሥልጠናው አንዱን ላሳያችሁ። አልጋ ላይ የዋለን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ። እጅን ከሥር አስገብቶ መጎተት የለም፤ ቆዳው ይገሸለጣል። ነጠላ ወይም አንሶላ አራት አጥፎ ከወገባቸው ሥር ያነጥፉታል፤ ሁለት ሰው በሁለት ጎን ጨብጦ፣ «ቢስሚላህ» ወይም «በስመ አብ» ብሎ፣ አንድ ላይ አንስቶ ያዞራል። ትራስ በጉልበቶች መካከል። ከዚያ ተረከዙን፣ ዳሌውን፣ የጅራት አጥንቱ አካባቢ ያለውን ቆዳ በመብራት ማየት። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ አይታይም፤ በጣት ዳስሱ፣ ከጎኑ ካለው የሞቀ ወይም የጠጠረ ከሆነ መቁሰል ጀምሯል። ሰዓቱን ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግ።

ዋጋችሁን ስታወጡ ጊዜውን በትክክል ቁጠሩ። ጉብኝቱ አንድ ሰዓት ነው ብላችሁ አትገምቱ። አቦል ቶና በረካ ሳትጠጡ አትወጡም፤ መውጣትም የለባችሁም፣ ዋናው ወሬ የሚመጣው በረካ ላይ ነው። ግማሽ ቀን ብላችሁ ያዙ፣ የባጃጁን ጨምሩ፣ ለአስታማሚዋ የሚከፈለውን ጨምሩ፣ መክፈል ለማይችሉ የምትሠሩትን ድርሻም እዚያው ውስጥ አስገቡ። ከአራት ከፋይ ቤት አንድ ነፃ ቤት ብሎ መጀመር ይቻላል።

ውል ጻፉ። የምትሠሩትና የማትሠሩት ይቀመጥበት። የጡረታ ደብተር፣ የኤቲኤም ካርድ፣ የቤት ካርታ በእጃችሁ አይግባ፤ ቤተሰብ ለምኖም ቢሆን። ለልጁ የምትልኩት ሪፖርት እናቱ የፈቀዱትን ብቻ ይያዝ። ጎናቸው ሆናችሁ ድምፅ ቅዱና ላኩለት፤ ከጽሑፍ ይልቅ የእናቱን ድምፅ ነው የሚሰማው።

የንግድ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። የሕክምና ሥራ የሚጨምር ከሆነ የጤና ተቆጣጣሪውን ፈቃድም ጠይቁ። በጎ አድራጎት ማድረግ ከፈለጋችሁ በአዋጅ 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገብ ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ። እኔ በንግድ ጀምሩ እላለሁ፤ ሰው የከፈለበትን ነገር ጥራት ይጠይቃል፣ እናንተም ታድጋላችሁ።

ዛሬ የምትጀምሩት

ዲግሪውን እስክታገኙ የሚያስቀምጣችሁ ነገር የለም። ደብተር፣ ባትሪ፣ የልብስ ሜትር፣ ሰዓት ግዙ። የቅሬውን ዳኛ ስልክ ፈልጉ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቤቶች እሳቸው ይምረጡላችሁ። ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ሩብ ኪሎ ስኳር ይበቃል። ሰኞ ግን አትሂዱ። ሰኞ ገበያ ነው፤ መሄድ የሚችል ሁሉ ሰኞ ገበያ ወርዶ ቤት የሚቀረው መውጣት ያቃተው ብቻ ነው። ደጁን የሚከፍትላችሁም አይኖርም። የትኛው ቤት ሰኞ ዕለት ሰው ብቻውን እንደሚቀር ግን ዳኛውን ጠይቁና ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።